ጾሙን ጾሞ በፋሲካ ማግስት የታመመው ባል

«ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከባሕር ዳር፣ ከሽምብጥ ነው። ባለቤቴ 44 ዓመቱ ነው፤ የባጃጅ መለዋወጫ ይነግዳል። ዓምና በጥምቀት ሰሞን ከእምብርቱ በላይ ይዞት፣ ወደ ጀርባው እየወጋው፣ ሌሊቱን ሲያስመልስ አድሮ ሆስፒታል ገባ። ቆሽቱ ተቆጥቷል፣ ትራይግሊሰራይድ የሚባለው የደም ቅባቱ 1,900 ደርሷል አሉን። በአልትራሳውንድ ታይቶ የሐሞት ጠጠር የለበትም ተባለ። ስኳርም ትንሽ አለ ብለው ነበር፤ ለእሱ ግን መድኃኒት አልጀመረም። ይህን ቅባት የሚቀንስ ፌኖፋይብሬት የሚባል መድኃኒት ታዘዘለት። ዘንድሮ ዐቢይ ጾምን አንድ ቀን ሳይገድፍ ጾመ። በጾሙ አጋማሽ ሲመረመር 410 ሆነ፤ ደስ ብሎት መድኃኒቱን ተወው። በፋሲካ እንደ ሰው ዶሮውንም ሥጋውንም በላ፣ ትንሽ ጠላና አረቄ ቀመሰ። በሦስተኛው ቀን ያው ሕመም ተነሣበት። ስድስት ቀን ተኛ፤ ይህን ጊዜ 2,300 ነበር። የሠራሁት ዶሮ ወጥ ነው የጣለው እያሉ ዘመዶቹ ያሙኛል። ስንወጣ የነገሩን ‹ስብ ይቀንስ› ብቻ ነው። ምኑን ልቀንስ? ለአምስት ሰው በወር አምስት ሊትር ዘይት ነው የምጠቀመው፤ ብዙ አይመስለኝም። ጎረቤቴ ተልባና ማር ስጪው ትለኛለች፤ ወንድሙ ከዱባይ የዓሣ ዘይት ልኮለታል። አማቴ ደግሞ ለልደታ ከዳንግላ ቅቤ ይዘው ይመጣሉ። ምን ልበላቸው?»

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት የዶሮ ወጡን ክስ ልዝጋው። ከዚያው ድስት የበሉት ልጆችሽ ማግስቱን በሰላም ውለዋል። ባለቤትሽን የጣለው አራት ነገር ባንድ ሳምንት መግጠሙ ነው፦ መድኃኒቱ ተቋርጧል፣ ስኳሩ ሳይታከም ከርሟል፣ የፋሲካው ቅቤና ጮማ መጥቷል፣ በላዩ ደግሞ አንቺ «ትንሽ» ብለሽ ያለፍሽው ጠላና አረቄ ተጨምሯል። ከአራቱ ያንቺ እጅ ያለበት አንዱ ነው፤ እሱንም ቢሆን እንዴት እንደሚሠራ ማንም አላስረዳሽም።

እኛ ሀገር ቆሽት የሚታወሰው ሰው ሲበሳጭ ነው። «ቆሽቴ አረረ» እንላለን እንጂ ቆሽት የት እንዳለ የሚጠይቅ የለም። ከጨጓራ ኋላ ተጋድሞ የሚገኝ አካል ነው፤ ኢንሱሊንን ይሠራል፣ ምግብ የሚያደቅቀውን ፈሳሽም ወደ አንጀት ይልካል። ሲጎዳ ያ ለምግብ የተዘጋጀው ፈሳሽ እዚያው የራሱን ሥጋ መፍጨት ይጀምራል። ያን ጊዜ ነው ቆሽት በእውነት የሚያርረው። ለዚህ ከሚያበቁት ምክንያቶች የሐሞት ጠጠርና አልኮል ቀዳሚዎቹ ናቸው፤ በሦስተኛ ደረጃ የሚጠራው ደግሞ የባለቤትሽ ችግር፣ የትራይግሊሰራይድ መብዛት ነው።

ይህን በሽታ የተማርኩት ከመጽሐፍ ይልቅ ከራሴ ስሕተት ነው። ገና ጀማሪ ሐኪም ሳለሁ ተረኛ በነበርኩበት ሌሊት ሆዱን የያዘ ሰው መጣ። አልጋው ላይ ተቀምጦ፣ ጋቢውን ጠቅልሎ በሆዱ አቅፎ፣ ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ ቀረ፤ ተኛ ብለው ቢያስተኙት ተመልሶ ይቀመጣል። «ጨጓራ ነው» ብዬ የጨጓራ መድኃኒት ሰጥቼው ወደ ሌላ በሽተኛ ሄድኩ። ሲነጋ የላብራቶሪ ባለሙያው ብልቃጧን ይዞ ራሱ መጣ። «ዶክተር፣ ይህ ደም ነው ወይስ ወተት?» አለኝ። ደም ብልቃጥ ውስጥ ሲቆይ ቀዩ ወደ ታች ይዘቅጥና ከላይ ጥርት ያለ፣ ቢጫ ቢጤ ፈሳሽ ይንሳፈፋል። የዚያ ሰው ግን ከላይ ያለው አሬራ ነበር፤ በብርሃን ፊት ቢይዙት ጣት አያሳይም። ከዚያ ወዲህ ወደ ፊት ጎንብሶ ሆዱን ያቀፈ ሰው ሳይ «ጨጓራ» የሚለው ቃል ካፌ አይወጣም።

ያ ነጭ ነገር ከየት መጣ? ለባሕር ዳር ሰው ይህን ማስረዳት ቀላል ነው። ክረምት ወንዞቹ ሁሉ ጣና ይገባሉ፤ ሐይቁ በተፈጥሮ የሚወጣው ግን በዓባይ በኩል ነው፤ ጨረጨራ ላይ ደግሞ መቆጣጠሪያ በር አለው። የሚገባው ከሚወጣው ሲበልጥ ሐይቁ ይሞላል፤ ለዚህ ነው በመስከረምና በጥቅምት ውኃው ወደ ዳር የሚወጣው። በደማችንም ውስጥ ከምግብ የገባውን ስብ ከደም እያወጣ ወደ ጡንቻና ወደ ስብ ማከማቻ የሚያሳልፍ ኢንዛይም አለ። ያ ነው በሩ። ባለቤትሽ ምናልባት በዘር ጠበብ ያለ በር ይዞ ተወልዷል። ትራይግሊሰራይዱ 150 ወይም 200 በሆነ ሰው ላይ አንድ ቅባት የበዛበት ማዕድ ቢጨመር በጥቂት ሰዓት ያልፋል። 500 እና 600 ላይ በቆመ ሰው ላይ ግን በሩ ቀድሞውንም ተጨናንቋል፤ ተጨማሪው ሁሉ እዚያው ይጠራቀማል፤ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ቁጥሩ ወደ ሺዎች ይወጣል። ደሙ ይወፍራል፣ በቆሽት ቀጫጭን ሥሮች ውስጥ መዘዋወር ያቅተዋል፤ ስቡ እዚያው ሲሰባበር የሚወጣው አሲድ ደግሞ ቆሽቱን ያቆስላል። ባለቤትሽ በሦስተኛው ቀን የታመመው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ልትይዢው የሚገባሽ ቁጥር አንድ ነው፦ 500። ጤናማው ከ150 በታች ነው፤ ለእሱ ግን መጀመሪያ የሚፈለገው ከ500 በታች ወርዶ እዚያው መቆየት ነው። ከ500 በላይ የቆሽት አደጋ እያደገ ይሄዳል፣ ከ1,000 በላይ ሲሆን እውነተኛ ሥጋት ይሆናል። ይህ ሁሉ በሚሊግራም በዴሲሊትር ነው። አንዳንድ ላብራቶሪ በሚሊሞል ይጽፋል፤ ያን ጊዜ 5.6 ማለት 500፣ 11.3 ማለት 1,000 ነው። ወረቀቱ ላይ «12» አይቶ «ዐሥራ ሁለት ብቻ!» ብሎ የተደሰተ ሰው አውቃለሁ። ኮሌስትሮልና ትራይግሊሰራይድም አንድ አይደሉም፤ ጎረቤት ለኮሌስትሮል የሚውጠውን መድኃኒት ተበድሮ መዋጥ የቆሽቱን ጉዳይ አይዘጋውም።

አሁን ወደ 410 እንምጣ። እኔ ያንን ወረቀት ባየው ኖሮ ደስ አይለኝም ነበር፤ እሠጋ ነበር። የጾም ውጤት ሰውን ያባብላል። ሥጋ፣ ቅቤ፣ ወተት፣ እንቁላል በሌለበት፣ መድኃኒቱም እየተዋጠ ባለበት፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድ በሚዋልበት ወቅት የተገኘ 410 ነው። ሰውየው የቆመው ከአደጋው መስመር አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነበር፤ እሱም «ዳንኩ» ብሎ መድኃኒቱን ጣለ። ከዚያ ፋሲካ መጣ። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ በዓለ ሃምሳ ነው፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምበት ሃምሳ ቀን። የእኛ የቀን መቁጠሪያ ለእንዲህ ዓይነቱ ቆሽት ከባድ ነው፤ አምሳ አምስት ቀን ያሳርፈውና ባንድ ሌሊት በላዩ ላይ ድግስ ያፈስበታል። በገናም እንዲሁ ነው፣ በፍልሰታ መፍቻም እንዲሁ። እኔን የሚያስፈራኝ መፈሰኪያው እንጂ ጾሙ አይደለም። ስለዚህ ምርመራው በጾም መካከል ብቻ ሳይሆን በፍስኩ ጊዜም ይደረግ። አሁን ደብዳቤሽ በደረሰኝ ሰሞን በዓለ ሃምሳ ገና አላለቀም፤ ከሆስፒታል ከወጣ አራት ሳምንት ሲሞላው ይመርመር። ማታ ሁለት ሰዓት በልቶ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ደም ይስጥ፤ ውኃ መጠጣት ይችላል። በማለዳ ማኪያቶ ጠጥቶ የሚሰጥ ደም ያሳስታል።

ስለ ስኳሩ የጻፍሽው ነገር ከሁሉ በላይ አሳስቦኛል። «ትንሽ ስኳር» የሚባል በሽታ የለም። ኢንሱሊን ስኳርን ብቻ የሚገዛ ይመስለናል፤ ያን በር የሚያሠራውም እሱ ነው። ኢንሱሊን ሲያንስ ወይም ሥራውን መሥራት ሲያቅተው በሩ ይዘጋል፣ ጉበትም በበኩሉ ትራይግሊሰራይድ እያመረተ ወደ ደም ይጨምራል። ከላይም ከታችም ተያዘ ማለት ነው። ፌኖፋይብሬት እየዋጡ ስኳርን መተው ቀዳዳ ጀልባ ላይ ሆኖ ውኃ በጣሳ እንደ መቅዳት ነው። በሚቀጥለው ቀጠሮ የሦስት ወሩን የስኳር ምርመራ፣ የኩላሊት፣ የጉበትና የእንቅርት ዕጢ ምርመራ ይደረግልኝ ብሎ ይጠይቅ። የእንቅርት ዕጢ ሥራ መዳከምና የኩላሊት በሽታም ይህን ቅባት ከፍ ያደርጋሉና። ሌላ የሚወስደው መድኃኒት ካለም ሳይደብቅ ይናገር፤ ኮርቲዞን፣ አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒቶች፣ አንዳንድ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶችና ከፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒቶችም አንዳንዶቹ ቁጥሩን ያንሩታል። ይህን ሲሰማ በራሱ ሥልጣን እንዳያቋርጥ እንጂ፤ የሚለውጠው ሐኪሙ ነው።

አሁን ወደ ወጥ ቤትሽ ልግባ፤ ፈቃድሽ ይሁን። «ብዙ አይመስለኝም» ያልሽውን ዘይት አብረን እናስላው። አምስት ሊትር ዘይት 4,600 ግራም ያህል ይመዝናል። ለአምስት ሰው፣ ለ30 ቀን ስናካፍለው ለእያንዳንዱ ሰው በቀን 30 ግራም ይደርሰዋል። ለብዙ ቤተሰብ ይህ ጉድ የሚያሰኝ አይደለም፤ ልክ ነሽ። ነገር ግን የባለቤትሽ ዓይነት ሰው ቁጥሩ ከ1,000 በላይ እያለ እንዲወስድ የሚመከረው የስብ መጠን ከዕለት ምግቡ ጉልበት ከ10 እስከ 15 በመቶ ነው። በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው ከ22 እስከ 33 ግራም ማለት ነው፤ ያውም ከዘይቱ፣ ከሥጋው፣ ከወተቱ፣ ከሽሮው ሁሉ ተደምሮ። ዘይቱ ብቻውን ድርሻውን ጨርሶበታል፤ ገና ሥጋ ሳይነካ። በጾም ደግሞ የሁላችንም ቤት ዘይት እንደሚጨምር አንቺም ታውቂዋለሽ፤ «የጾም ነው» ተብሎ ሽሮው ላይ ይንሳፈፋል።

አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 14 ግራም ስብ ነው፤ ቅቤም ከዚያ እምብዛም አይርቅም። ለቆሽት የወይራ ዘይት፣ የኑግ ዘይት፣ የሱፍ ዘይት፣ የዳንግላ ቅቤ ሁሉም አንድ ናቸው። ለልብ ይለያያሉ፤ ለዚህ ጉዳይ ግን የሚቆጠረው ግራሙ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለእሱ በቀን አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት መድቢለት፤ ከጠርሙስ አታፍስሺ፣ በማንኪያ ለኪ።

አሠራሩን አንቺ ከእኔ ትበልጫለሽ፤ ግን ልብ በይ። ቀይ ሽንኩርት ያለ ዘይት፣ ጠብ ጠብ በሚል ውኃ ማቁላላት የጎጃም ሴት ባህሏ ነው፤ ዘይትና ቅቤ የሚገባው በኋላ ነው። እዚያች ቦታ ላይ ቁሚ። በርበሬው ከተቁላላ በኋላ፣ ቅቤው ከመግባቱ በፊት የእሱን ድርሻ በትንሽ ድስት ቀንሺና ለብቻ አብስዪው፤ ለቀሪው ቤተሰብ እንደ ወትሮሽ ሥሪ። ዶሮዋ እንደሆነ ድሮም ቆዳዋን ገፍፈን በሎሚ የምናጥባት ናት። ፈረሰኛውን ከእሱ አትንፈጊው፤ ማዕረጉ ነው። የሚቀርበት ቅቤው ነው። በእኔ ግምት ይህች ትንሽ ድስት ከማንኛውም ምክር በላይ ትጠቅምሻለች፤ ምክንያቱም እሱ በዓሉን ከሰው ጋር አብሮ ይውላል፣ አንቺም ሁለት ጊዜ ወጥ አትሠሪም።

ሥጋ ከተበላ ቀዩ ይሁን፤ ጮማ፣ ዱለትና ክትፎ ይቅሩበት። ወተትን በአሬራ መተካት ጥሩ ነው፤ ቅቤው የወጣለት ስለሆነ። አይብም እንዲሁ፣ ቅቤ ካልተለወሰበት። ባሕር ዳር ተቀምጦ ዓሣ መከልከል ደግሞ ግፍ ነው። ቀረሶ ስቡ ትንሽ ነው፤ ችግሩ ዓሣው ላይ ሳይሆን የሚዋኝበት ሁለተኛው ሐይቅ ላይ ነው፤ ሙሉውን ተሸንትሮ የፈላ ዘይት ውስጥ ሲገባ። በፍም ላይ የተጠበሰውን ወይም ሾርባውን ይብላ። አምባዛ ትንሽ ወፈር ይላል፤ አልፎ አልፎ ይሁን። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለንስሐ አባቱ ትቼዋለሁ።

የሐይቁ ዳር ጭማቂ ቤቶች ነገርም አለ። አቮካዶ ጤና ነው እየተባለ በብርጭቆ ይጋታል። አንድ መካከለኛ አቮካዶ ከ20 ግራም በላይ ስብ አለው፤ የባለቤትሽን የዕለት ድርሻ ይዞት ይሄዳል። ለእኔና ላንቺ ደግ ፍሬ ነው፣ ለእሱ ለጊዜው አይደለም። ማንጎውን ተልጦ ቢበላው እንጂ ተጨምቆ ከነስኳሩ አይጠጣው። ለስላሳም ይተው፤ 300 ሚሊ ሊትር በምትይዘው ጠርሙስ ውስጥ ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለ፣ ጉበቱም ያንን ስኳር ወደ ትራይግሊሰራይድ ይለውጠዋል። እንጀራ ይብላ፤ የጤፍ እንጀራ ስቡ ጥቂት ነው። ሩዝ፣ ፓስታና ነጭ ዳቦ እንዳይደራረቡ ብቻ ተጠንቀቂ፤ ስብ ቀነስኩ ብሎ ዳቦ የሚጨምር ሰው ወደዚያው ቁጥር በሌላ መንገድ ይደርሳል።

ስለ መጠጡ አጭር ነኝ። ሁለት ጊዜ ቆሽቱ ለታመመ ሰው ትንሽም ብዙም የለም፤ ጠላ፣ ጠጅ፣ አረቄ፣ ቢራ ሁሉም ያቆማል። ጠጅ ደግሞ ስኳሩንም አልኮሉንም ባንድ ብርሌ ያቀርባል። ማኅበር ላይ «ለጽዋው ያህል» ብለው ይለምኑታል። «ሐኪም ገዝቶኛል» ይበል። ግዝት የሚያከብር ሕዝብ መካከል ነን፤ ይጠቀምበት።

ጎረቤትሽ ክፋት አላሰበችም። ግን ማር ስኳር ነው፤ የዳሞትም ይሁን የዘጌ፣ ለዚህ ደም ልዩነት የለውም። ተልባ ከክብደቱ 40 በመቶ ያህሉ ዘይት ነው፤ ኑግና ለውዝም ዘይታም ናቸው። ለሆድ ድርቀት ላንቺ ጥሩ ይሆናል፤ ለእሱ እንደ መድኃኒት ተቆጥሮ በጣሳ አይሰጥ። የዱባዩን የዓሣ ዘይት በተመለከተ ወንድሙን አታሳዝኑት፤ ነገሩ መሠረት አለው። በዓሣ ዘይት ውስጥ ያለው ኦሜጋ-3 የሚባል ቅባት በሐኪም ሲታዘዝ ትራይግሊሰራይድን ይቀንሳል፤ ለዚያ የሚሰጠው መጠን ግን በቀን 4 ግራም ነው። በገበያ ያለው ባለ 1,000 ሚሊግራም እንክብል ብዙውን ጊዜ በውስጡ የሚሠራው ኦሜጋ-3 ወደ 300 ሚሊግራም ነው። የጠርሙሱን ጀርባ አንብቢ። 4 ግራም ለመድረስ በቀን ዐሥራ ሦስት እንክብል መዋጥ ሊኖርበት ነው፤ አንድ እየዋጠ «መድኃኒት ላይ ነኝ» ካለ ራሱን ሸውዷል። ጠርሙሱን ይዞ ሄዶ ሐኪሙን ያማክር።

ፌኖፋይብሬቱ ተመልሶ ይጀመር፤ ኩላሊቱ ከታየ በኋላ፣ በሐኪሙ ትእዛዝ። «ለዕድሜ ልክ ነው ወይ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። የጠበበ በር ይዞ ለተወለደ ሰው ረጅም ጊዜ እንደሚሆን ይወቀው፤ ክብደቱ ቀንሶ፣ ስኳሩ ተይዞ፣ መጠጡ ቀርቶ በፍስክ ወራትም ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ሲቆይ ሐኪሙ እንደ ገና ያስብበታል። አብዛኛው ዓይነት ከምግብ ጋር የሚወሰድ ነው፤ በጾም ወቅት ጾሙን በሚፈታበት ሰዓት ይዋጠው። የስኳር መድኃኒት ከተጀመረለት ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መጾሙን አስቀድሞ ይናገር፤ አንዳንዱ የስኳር እንክብል በባዶ ሆድ ሰውን ይጥላል። የማይታወቅ የጡንቻ ሕመም ወይም የሽንት መጥቆር ከመጣ ቶሎ ይታይ። ጸበል መሄድ ቢያምረው ይሂድ፤ መድኃኒቱ በኪሱ ይሁን። መድኃኒት ቤት «አልቋል» የሚለው ቃል የሚሰማው ሁልጊዜ የመጨረሻዋ እንክብል በተዋጠች ማግስት ነው፤ ስለዚህ ሳምንት ሲቀረው ግዢ።

እርምጃም አለ። ሱቁ ከሐይቁ ዳር ብዙም እንደማይርቅ እገምታለሁ፤ ባጃጅ ይዞ የሚሄድበትን መንገድ በዘንባባዎቹ ሥር በእግሩ ይሂደው። በሳምንት 150 ደቂቃ፣ በሳምንት አምስት ቀን ግማሽ ግማሽ ሰዓት ማለት ነው፣ ጡንቻው ያንን ቅባት እንዲያቃጥል ያደርገዋል። ወፍራም ከሆነ ከክብደቱ ከ5 እስከ 10 በመቶ መቀነሱ ብቻ ቁጥሩን በሚታይ መጠን ያወርደዋል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ሕመሙ ቢመለስስ? ያንን ሕመም አሁን ሁለታችሁም ታውቁታላችሁ፤ ከእምብርት በላይ ይጀምራል፣ ወደ ጀርባ ያልፋል፣ ሲንጋለል ይብሳል፣ ጎንበስ ሲል ጥቂት ይተነፍሳል፣ ያስመልሳል። የጨጓራ ሽሮፕ አትፈልጊ፣ ወተትም አትስጪው። ምንም ሳይበላ በዚያው ሌሊት ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ጊዮን፣ የቀረበሽ ጋ ውሰጂው። ስትደርሺ ለተረኛው ሐኪም እንዲህ በዪው፦ «የቆሽት ብግነት ሁለት ጊዜ ነበረበት፤ ትራይግሊሰራይዱ 2,300 ደርሶ ነበር።» ይህች ዐረፍተ ነገር የብዙ ሰዓት ጊዜ ታድናለች። አሚሌዝ የሚባለው ምርመራ በእንዲህ ዓይነቱ ነጭ ደም ውስጥ በሐሰት ደህና መስሎ ሊታይ ስለሚችል ላይፔዝ የሚባለው ሌላው የቆሽት ምርመራ እንዲሠራለት ጠይቂ። ሁለቱን የድሮ ወረቀቶች ፎቶ አንሥተሽ ስልክሽ ውስጥ አስቀምጪ፤ ሌሊት ላይ ቁም ሣጥን የሚያገላብጥ ሰው ወረቀት አያገኝም።

በጎን ያልጠየቅሽኝን ልጨምር። ወንድሞቹና እኅቶቹ አንድ ጊዜ ይመርመሩ፤ የዱባዩም ጭምር። በተለይ እኅት ካለችው ከማርገዟ በፊት ወይም ኤስትሮጅን ያለበት የወሊድ መከላከያ እንክብል ከመጀመሯ በፊት ትታይ፤ ሁለቱም ይህን ቅባት ያንሩታልና። ልጆችሽንም ለሐኪም አንሺለት።

የአማትሽ ነገር ቀረ። እኒያ እናት ከዳንግላ ድረስ ቅቤ ተሸክመው ሲመጡ በር ላይ «ሐኪም ከልክሎታል» ብትያቸው ምራቴ መለሰችኝ ብለው ያዝናሉ፤ ልጃቸውን ያሳመመችው ያቺ ናት የሚለው ሐሜትም ይጠነክራል። በሁለት እጅሽ ተቀብለሽ አመስግኚያቸው። ከዚያ ወጥ ስትሠሪ ወጥ ቤት አብረውሽ ይቀመጡና ትንሿን ድስት ራሳቸው ይቀንሱለት፤ ለምን እንደሆነ ያኔ ንገሪያቸው። ልጁን የሚያድነው የእሳቸው እጅ እንዲሆን አድርጊ። ቅቤው እንደሆነ ለልጆቹ ሽሮና ለእንግዳ ይበቃል፤ ከተረፈም ለልደታ ጠጉርሽን ይቀቡሽ።